የስንዴን ዳቦ በቤት ስለ መጋገር



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገሰግስ ሠራተኛ ቁርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዳቦ ቤት የተገዛ ነጭ ዳቦ ነው። ንጣቱን እንደ ሥልጣኔ ምልክት መቁጠር ከጀመርን ቆይተናል። ይሁን እንጂ የፉርኖ ዱቄት የሚነጣው የስንዴው ልባስና ፅንስ ተለይተው ስለሚወጡ ነው። ልባሱ ከፍሬው ከመቶ 14 ያህል፣ ፅንሱም 2 ወይም 3 ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ከብረቱና ከቪታሚን ቢ ብዙው የሚገኘው በእነዚሁ ውስጥ ነው። እንግዲህ ነጩን እኛ ስንበላ ፉርሽካውን ላሟ ወሰደችው ማለት ነው።

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። የጉራጌ እናት ቆጮዋን በጉድጓድ ቀብራ እስኪብላላ ሳምንታትና ወራት ትታገሣለች፤ ሊጥ የሚጠይቀን ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

አሠራሩም ይህ ነው። ያልተነፋ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ሰባት ዴሲሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከቀድሞው ሊጥ የቀረ አንድ ስኒ እርሾ ማታ ታሽቶ ተከድኖ ያድራል። ፉርሽካው ውኃ ስለሚጠጣ ሊጡ ለስለስ ማለት አለበት። በእርሾ ቀስ ብሎ መብላላቱም በፉርሽካው ውስጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ወልቂጤ ከቡታጅራ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ በዚያ ሊጡ ቀድሞ ኩፍ ሊል ይችላል። ሲነጋ በምጣድ ላይ በተነጠፈ የኮባ ቅጠል ላይ ተደፍቶ፣ በላዩም ቅጠል ለብሶና ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት ይጋገራል፤ ተገላብጦ ሆዱ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

እኔ ራሴ በመጀመሪያ ቸኩዬ ኩፍ ሳይል ብጋግረው እንደ ድንጋይ ደረቀብኝ። ባለቤቴም «ዱቄቱ ምን በደለ? አንተ ነህ ያልጠበቅኸው» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሊጡን የማሸው እኔ ነኝ።

የስንዴ ዋጋ በ2014 ዓ. ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር በዓለም ገበያ እንዴት እንደ ናረ አይተናል። ውድ የሆነውን እህል ገዝቶ ግማሽ ጥቅሙን መጣል የአስተዋይ ሰው ሥራ አይደለም። ድካሙም ለእመቤቲቱ ብቻ አይተው፤ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የሚውል እጅ ሊጥ ማሸት አያቅተውም።