መንገደኛው የት ያድራል? አዋሽ ሰባት ኪሎና የሦስት ዘመን መንገዶች



የትንንሽ ከተሞች ዕድገት በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው በዚያ የሚያልፈው መንገድ ምን ያህል ጭነት እንደሚያመላልስ ነው። የአዋሽ ሰባት ኪሎ ታሪክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም መንገደኛው የት ያድራል የሚል ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለመግባት ተጨማሪ 14 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በዚያን ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይወስድ ነበር፤ መንገደኛውም አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያሳልፋል። ቡፌ ዳዋሽ በመባል የታወቀው የጣቢያው ሆቴል የዚሁ ሌሊት ልጅ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ወተቱንና ፍየሉን ይዞ ሲመጣ፣ በየወሩ ደመወዝ የሚቈጠርለት የምድር ባቡር ሠራተኛ ገዢው ነበር።

የናፍጣ ሞተር የእንፋሎቱን ሲተካ ሊትሪናው አዲስ አበባንና ድሬዳዋን በአንድ ቀን አገናኘ፤ አዋሽም ከማደሪያነት ወደ ምሳ መብያነት ዝቅ አለች። ለተጓዡ መሻሻል የሆነው ለአልጋ አከራዩ ኪሳራ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ ወደብ አገልግሎት ሲቋረጥ፣ የአገሪቱ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከባድ መኪናዎችም በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ ጐረፉ። ሌሊቱ ለከተማይቱ ተመለሰላት። ይሁን እንጂ ያው ሌሊት አልነበረም። የባቡር ሠራተኛው ቤተሰብ ይዞ የሚኖር፣ ልጆቹን እዚያው የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ሾፌሩ ግን ራቱን በልቶ፣ ጎማውን በጎሚስታ አስጠግኖ፣ ሲነጋ ይሄዳል። አልጋ ቤቱና ጋራዡ በዛ፤ ሥራ ፍለጋ ከየአቅጣጫው የመጡ ወጣት ሴቶች ደግሞ ለኤች.አይ.ቪ. አደጋ ተጋለጡ። የገበያ መድራትን ብቻ የሚቈጥር ጥናት ይህን ዕዳ አይመዘግበውም።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጭነቱን ከሾፌሩ ለመረከብ የታሰበ ነው። ለአገር ወጪ ይበጃል፤ ነገር ግን ኮንቴይነር ራት አይበላም። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ አቅጣጫ እንዲሄድ የተወጠነው ሐዲድም መነሻው አዋሽ በመሆኑ፣ ከተማይቱ መገናኛ የመሆን ዕድል አላት። የባቡሩ ነጂዎች የሚፈራረቁበትና መካኒኮች የሚኖሩበት ሰፈር ከገበያው በእግር በሚደረስበት ርቀት ቢሠራ፣ የወር ደመወዝ ወደ አዋሽ ሱቆች ዳግመኛ ይገባል፤ በአጥር ተከልሎ በሜዳው መካከል ቢቀር ግን ከተማይቱ የምታገኘው የባቡሩን ድምፅ ብቻ ነው።