ዕረፍት ከጥገናው ሥራ አንዱ ክፍል ነው
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ሠራተኛው ዘወር ይላል፤ ኮንክሪቱ ግን መጠንከር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ለቀናት ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ጊዜው ሳይደርስ ከተጫነበትም ይጎዳል። ጥንካሬውም የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። በስትሮክ የተመታ ሰው ዕረፍትም እንደዚሁ ሥራ የሚከናወንበትና እንክብካቤ የሚሻ ጊዜ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጂን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስለዚህም የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። የተረፉት ግን በልምምድ አማካይነት አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ፣ የጠፋውን ተግባር በከፊል ሊተኩ ይችላሉ። እጅ ቀን የተለማመደውን በአንጎል ውስጥ በማጽናት ረገድ የሌሊቱ እንቅልፍ ከፍተኛ ድርሻ አለው።

ይሁን እንጂ በስትሮክ ከተጠቁት ከግማሽ የሚበልጡት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ቤተሰብ «እንቅልፍ ወስዶታል፣ ያንኮራፋል» ብሎ ደስ ሲለው፣ ሕመምተኛው አየር እያጠረው ያድራል። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ቆይቶ በኃይለኛ ትንፋሽ የሚቀጥል ከሆነ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ዕረፍት ማለት ግን አልጋ ላይ መቅረት አይደለም። ያለ እንቅስቃሴ መተኛት የደም መርጋትን፣ የሳንባ ምችንና የመኝታ ቁስልን ያስከትላል። መቻኮልም የራሱ ጉዳት አለው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው አቨርት የተባለ ጥናት በ5 አገሮች፣ በ56 ሆስፒታሎች 2,104 ሕመምተኞችን ተከታትሏል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከአልጋ ተነሥተው ደጋግመው እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት መካከል በ3ኛው ወር በመልካም ሁኔታ የተገኙት 46 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አያያዝ ከቆዩት ግን 50 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ እንቅስቃሴው በሐኪም ምክር ተመጥኖ፣ በዕረፍት እየተከፋፈለ ሊሰጥ ይገባል።

የታመመን መጠየቅ መልካም ባህል ነው። ሆኖም ጠያቂ ከማለዳ እስከ ማታ ሲፈራረቅ፣ ሕመምተኛው እንግዳ ለማክበር ሲታገል ውሎ ለልምምዱ ጉልበት ያጣል። የጥየቃ ሰዓት መወሰን ለሕመምተኛው ማሰብ እንጂ ባይተዋርነት አይደለም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ የተመለሰ ባልደረባም፣ አካሉ ደኅና መስሎ ሳለ ከቀትር በኋላ ሊዝል ይችላል። ይህ ድካም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ የሕመሙ ቅሪት እንጂ ስንፍና አይደለም። በግማሽ ቀን አስጀምሮ ሥራውን ደረጃ በደረጃ መጨመር፣ በኃላፊነት ላይ ያሉ አባላት ሁሉ ሊፈጽሙት የሚችሉት ነው። ለኮንክሪት 28 ቀን የሚታገሥ መሐንዲስ፣ ለባልደረባው አንጎል ጥቂት ወራትን ሊነፍግ አይገባውም።