ሌት ተቀን የሚያነብ ኮምፒዩተር

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ጥር ወር፣ አሜሪካ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ንባብ ጀመረ። ስሙ ኔል ነው፤ ቡድኑን የመሩት ፕሮፌሰር ቶም ሚቸል ናቸው። ሥራው ሌት ተቀን የኢንተርኔት ጽሑፍ እያነበበ እውቀት መልቀም ነበር።

እንዴት ይለቅማል? ተመራማሪዎቹ ከተማ፣ ኩባንያ፣ ተክል፣ ስፖርተኛ እያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ዘርፎች ሰጡት፤ ለየዘርፉም ከ10 እስከ 15 ምሳሌ አስያዙት። ቀሪው የራሱ ድርሻ ነው። እስቲ በአማርኛ እንሞክረው። ጎንደርና ደሴ ከተሞች መሆናቸውን ነገርነው እንበል። ሲያነብ «እንደ ጎንደርና ደሴ ያሉ ከተሞች» የሚል ያገኛል፤ አነጋገሩን ይይዛል። ቀጥሎ «እንደ ጅማና ነቀምት ያሉ ከተሞች» ሲያጋጥመው፣ ማንም ሳይነግረው ሁለቱን ከከተማ ተርታ ያሰልፋል። ጅማ ደግሞ በተራዋ ታስተምረዋለች፤ «የጅማ ከንቲባ» የሚል ካየ፣ ከንቲባ ያለው ሁሉ ከተማ ሳይሆን አይቀርም ይላል። በእንዲህ ያለ አነጋገር እውቀት ማውጣትን ማርቲ ኸርስት የተባሉ ተመራማሪ በ1992 ጽፈውበታል።

መዘዙም ከዚሁ ይመጣል፤ ስህተት ስህተትን ይወልዳል። ኔል ኩኪስ የሚጋገር ነገር መሆኑን ተምሯል። ድረ ገጾች ኮምፒዩተራችን ላይ የሚያስቀምጧት ትንሽ ፋይልም በእንግሊዝኛ ኩኪ ትባላለች። «የኢንተርኔት ኩኪሶቼን አጠፋሁ» የሚል አነበበና ከኬክ ጋር መደባት። «ፋይሎቼን አጠፋሁ» የሚል ሲያነብማ ፋይልም የሚጋገር መሰለው! ሰው ገብቶ ማረም ነበረበት።

እኔ ግን ኔልን የማደንቀው ራሱን በመጠራጠሩ ነው። ከተማ የሆነ ነገር ሰው ሊሆን አይችልም የሚል ዓይነት ሕግ አለው። አንዱ ክፍሉ ዓረፍተ ነገር ያያል፣ ሌላው ሠንጠረዥና ዝርዝር፣ ሌላው የቃሉን አጻጻፍ፤ ሲስማሙ ነገሩ ይጸናል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎቹ የለቀመውን «እውነት» ሳይሆን «እምነት» የሚሉት፤ እያንዳንዱም ምን ያህል እንደሚታመን መጠን ተሰጥቶታል። በ2018 ባወጡት ጽሑፍ 120 ሚሊዮን እምነቶች ማከማቸቱን ገልጸዋል። አንዱ «ሻይ ከብስኩት ጋር ይቀርባል» የሚል ነው። የእኛን ጽሑፍ ቢያነብ ኖሮ ቡና ከፈንዲሻ ጋር ይል ነበር።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ አንባቢ ይከብዳል። ጅማ በአንዱ ቦታ «በጅማ»፣ በሌላው «ከጅማ» ሆና ትመጣለች፤ ሐዋሳን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፋታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጽሑፍ ማነስ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከአንድ ቦታ ብቻ ያገኘውን በቀላሉ አያምንም። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ወንዝ፣ ገበያና ምግብ በአማርኛ ጽፋችሁ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ፤ ሌላ ሰው ጽፎታል ብላችሁም አትተዉት።