ቃለ እግዚአብሔር ለማያነቡ ሕዝቦች በሸክላ ስለ መሰማቱ
በኢዮቤልዩው በዓል የተደረገ ንግግር



ማንበብ የማይችል ሁሉ ቃለ እግዚአብሔርን አያውቅም የሚል ሰው ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። በኢትዮጵያ የቆሎ ተማሪ ብዙውን ትምህርት የሚቀበለው ከብራና ሳይሆን ከመምህሩ አፍ ነው። ዓይነ ስውራን መምህራን እንኳ መጽሐፉንና ዜማውን በቃላቸው ይዘው፥ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ኖረዋል። (ዓይናማው ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ ሲሳሳት ዓይነ ስውሩ መምህር ያርመዋል፤ ይህን ያየ ሰው መጽሐፍ በጆሮም እንደሚያዝ አይጠራጠርም።)

ይህንን የጆሮ ትምህርት ፊደል ወደሌላቸው ሕዝቦች በሸክላ ለማድረስ ከተነሡት አንዷ ጆይ ሪደርሆፍ የምትባል አሜሪካዊት ናት። በሆንዱራስ ወንጌል ስታስተምር ቆይታ፥ በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ1936 ዓ.ም. ታማ ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሰች። አልጋ ይዛ ሳለች በዚያ አገር መንደሮች ሲዘፈን የምትሰማው ግራሞፎን ትዝ አላት፤ ዘፈን በሸክላ ተቀርጾ እስከዚያ ገጠር ከደረሰ ወንጌልስ ስለ ምን አይደርስም ስትል አሰበች። በ1939 ዓ.ም. የወንጌል ሸክላ የሚያዘጋጅ ማኅበር አቆመች፤ መጀመሪያም የተቀረጸው በእስፓንያ ቋንቋ ነበረ። ከዚያ ወዲያ እርሷና ረዳቶችዋ ወደ ሜክሲኮ፥ ወደ ፊሊፒንና ወደ ሌላም አገር እየዞሩ የየሕዝቡን ድምፅ ቀረጹ።

ዋናው ችግር ግን መሣሪያው አልነበረም፤ ተናጋሪው ነበረ እንጂ። ቋንቋው አልተጻፈም፤ ባለቋንቋውም ማንበብ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዲት አጭር ቃል ይነግረዋል፤ እርሱም ያችኑ በአገሩ አነጋገር ይደግማታል፤ ትቀረጻለች። እንዲህ እያሉ እስከ ፍጻሜው ይደርሳሉ። በመካከል የገባው ድምፅና ዝምታ ተቈርጦ ሲወጣ፥ አንድ ሰው ሳያቋርጥ የተናገረው ሆኖ ይሰማል። አድማጩም የሚሰማው የእንግዳን የተሰባበረ አነጋገር ሳይሆን የወንዙን ልጅ ድምፅ ነው። የሥራው ኃይል ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አደጋውም እዚሁ ነው። አስተርጓሚው አንዲት ቃል ቢያጣምም፥ ባለቋንቋው የተጣመመውን በጥሩ አንደበት ይናገራል፤ ሸክላውም ስሕተቱን ሺህ ጊዜ ሳይታክት ይደግመዋል። ዓይነ ስውሩ መምህር ያርማል፤ ሸክላ አያርምም። ስለዚህ ከመባዛቱ በፊት ሌላ የዚያ ቋንቋ ባለቤት ሰምቶ፥ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ሊናገር ይገባል።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ከካርቶን ታጥፎ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ የሚዞር ማጫወቻ ተሠርቶ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በፀሓይ ብርሃን የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ሐዲስ ኪዳንን በሙሉ ይይዛል።

ነገር ግን ሣጥኑ ቢጠይቁት አይመልስም። የህንደኬ ጃንደረባ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ የኢሳይያስን መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበረ፤ ፊልጶስም ሲያነብ ሰማው። ማንበብን የሚያውቀው ያ ታላቅ ሹም እንኳ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል አለ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ዛሬም ሣጥኑ በሚላክባቸው ብዙ ስፍራዎች ሰዎች በአንድነት ተሰብስበው እንዲሰሙ፥ ከሰሙም በኋላ ድምፁን ዘግተው እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ የሚደረገው ስለዚህ ነው።