አሮጌ አውቶሞቢል በገዛ እጅ ስለ ማደስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በእንደዚህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን የተሰጠንን ጥቂት ደቂቃ ለአንዲት አሮጌ ቮልስዋገን እንድናውለው ተፈቅዶልናል። ነገሩ ጨዋታ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህች መኪና ሥር ተኝተን የዋልን አራት ተማሪዎች እንደ መሆናችን፥ የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ የለቀምነውን አይደለም።

መኪናዋ በ1958 ዓ.ም. የተሠራች፥ 1300 የምትባለው ዓይነት ስትሆን የአንደኛው ጓደኛችን አያት ንብረት ነበረች። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት በግቢው ጥግ ቆማ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ባለፈው መስከረም የቤቱ አባወራ ለቁራሌው ሊሸጧት ዋጋ ተነጋግረው ሳለ፥ ልጃቸው ቢለምናቸው «እንግዲያው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ፤ ወይ ትሂድ፥ ወይ ትውጣ» አሉ። እናቲቱ ግን «ልጄ ዘንድሮ ፈተና አለበት፤ ዘይት ሲቀባ ውሎ ምን ሊሆን ነው?» ሲሉ ተቃወሙ።

የእናቲቱ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ወላጅ የሚያስበውን ነው የተናገሩት። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፥ ሸክላ የሚሠራ፥ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። የሚገርመው፥ ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያደረሰውም በዚያው ዓመት ነበር። እንግዲህ መኪናዋም አዋጁም አብረው መጡ፤ መኪናዋ ግን ከአዋጁ ይልቅ በቶሎ ተስፋፋች። እኛ በዚህ ትምህርት ቤት ጌታችን በጠራቢ ቤት እንዳደገ፥ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበረ ተምረናል። ይህን እየተማሩ እጁ ጥቁር የሆነን ሰው መናቅ እንዴት እንደሚገጥም እስካሁን አልገባንም።

ስለ መኪናዋ ዘር ጥቂት እንበል። ቮልስዋገንን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በዎልፍስበርግ የቆመው ፋብሪካ ከጦርነቱ በኋላ በ1945 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በእንግሊዞች አስተዳደር ሥር ሥራውን ቀጠለ። በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. በተሠሩት መኪናዎች ብዛት የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠ። የመጨረሻዋ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. እስከ ወጣች ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፖርሽ 356 የተባለችው የስፖርት አውቶሞቢል ስትጀመር ብዙ ክፍሎቿ ከቮልስዋገን የተወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ የስፖርት መኪና ፍቅር ያደረበት ተማሪ ከቮልስ ቢጀምር ከቤተ ዘመዱ አልወጣም። በአገራችንም ታሪክ ቢሆን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው በመጀመሪያ ሞተሩን ማስነሣት ያምረዋል፤ ድምፁን መስማት ደስ ይላልና። እኛን ያስተማሩን ሽማግሌ መካኒክ ግን (ጋሼ እያልን ስለምንጠራቸው ስማቸውን አንጠቅስም) ሁለት ወር ሙሉ ሞተሩን እንዳንነካ ከለከሉን። «ዝገቱን ሳታውቁ ሞተሩን ብትሠሩ ለሬሳ ጫማ መግዛት ነው» ይሉን ነበር።

የቮልስዋገን አካል ከወለሏ ጋር በብዙ ብሎን የተያያዘ ሲሆን በመካከላቸው ጎሚኒ አለ። ጎሚኒው ሲያረጅ የክረምቱ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ አሲዱ እየተንጠባጠበ በዚያ በኩል ያለውን ወለል ይበላዋል። ከኹሉ የሚከፋው ግን በሁለቱ በሮች ሥር ከኋላ ወደ ፊት የሚሄዱት ሣጥን መሳይ ክፍሎች ናቸው። እነዚህ ከሞተሩ የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ ፊት ያደርሳሉ፤ በዚያው ላይ የአካሉ የጎን አጥንቶች ናቸው። እነርሱ ሲበሰብሱ በሩ ይዘነብላል፥ አልገጥምም ይላል። በር አልዘጋ ካለ ማጠፊያውን ብቻ የሚያጠብቅ ሰው በሽታውን ትቶ ምልክቱን እያከመ ነው።

የእኛይቱ በግራ ጎኗ ላይ ከውጭ አንድ እንከን አይታይባትም ነበር። ቀለሙን ብንፍቅ ግን ወፍራም ስቱኮ ወጣ፤ ከስቱኮው ሥር ጨርቅ፥ ከጨርቁም ሥር ባዶ። ስሙን የማንጠራው አንድ ጋራዥ ከብዙ ዓመት በፊት ለሽማግሌው «ሙሉ የላሜራ ሥራ» ብሎ ገንዘብ የተቀበለበት ሥራ ይህ ነበር። ጓደኛችን ይህን ባየ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አለ። አያቱ በዚህች መኪና ልጅ ልጆቻቸውን ጭነው ናዝሬት ድረስ ይመላለሱ ነበርና።

የበሰበሰውን ቆርጠን አዲስ ላሜራ ለመግጠም፥ ከመቁረጣችን በፊት የበሮቹን ክፍተት በብረት ደግፈን በየዳ አሰርነው። ይህ ካልተደረገ አካሉ ይጣመምና ከዚያ በኋላ አይቃናም። ብየዳውን የሠሩት ጋሼ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። እኛ ያደረግነው መፋቅ፥ መለካት፥ መቁረጥና የዝገት መከላከያ መቀባት ነው። ሰው በገዛ እጁ ሠራ ማለት ኹሉን ነገር ብቻውን ሠራ ማለት አይደለም፤ ለማያውቀው ሥራ የሚያውቀውን ሰው ጠርቶ አጠገቡ ቆሞ ማየትም አለበት።

ቀጥሎ ፍሬን። በዚህች ዓይነት መኪና የፍሬኑ ዘይት ለአራቱም ጎማ የሚሄደው ከአንድ ፖምፓ ስለሆነ በአንድ ቦታ ቢያፈስ አራቱም ይጠፋሉ። ባለ ሁለት ክፍሉ በቮልስዋገን ላይ የመጣው ከ1967 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ቧንቧውን ከውስጥ ያዝጋል፥ ቁልቁለት ላይ ሲግልም ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ቧንቧውን፥ የጎማ ቱቦዎቹን፥ የየጎማውን ሲሊንደርና ሸራውን ሳንመርጥ ኹሉንም ለወጥን። ታናናሾቻችን ይህን ልብ በሉ፤ የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይነፋም፥ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥርም ማንም አይተኛም።

የኋላውን የፍሬን ከበሮ የሚይዘው ባለ 36 ዳዶ የሚጠብቀው በ30 ኪሎግራም ሜትር ያህል ኃይል ነው። ይህ ማለት አንድ ሜትር በሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። ለዘጠኝ ዓመት የዛገውን ለመፍታትማ ሁለት ሜትር ቧንቧና ሁለት ተማሪ ፈጀብን። በፊዚክስ ክፍል ስለ ማንሻ የተማርነውን ያን ቀን ያልተረዳ ከመካከላችን አልነበረም።

ኬሚስትሪም አልቀረም። የሞተሩ ገላ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። በላቦራቶሪ የማግኒዚየም ሪባን ሲነድ ዓይን እንደሚያጠፋ ኹላችሁም አይታችኋል፤ እንዲህ ያለ እሳት ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይብሳል። ቤንዚኑ ከፊት ካለው ታንክ ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚደርስበት የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ጠብታው በሞቀ ሞተር ላይ ይወድቃል። ብዙ ቮልስዋገን የተቃጠለው በዚህ ነው። የቱቦው ዋጋ ግን ከምሳ ብዙ አይበልጥም።

ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ማውረዱ ያን ያህል አላስቸገረንም። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በዲናሞው ጫፍ በሚዞር ማራገቢያ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ዲናሞውም ማራገቢያውም አብረው ስለሚቆሙ ቀዩ መብራት ሲበራ ቆሞ ማየት እንጂ «ቤት ልድረስ» ማለት የለም። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የወረቀት ማጣሪያ ስለሌለው ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ከአራቱ ሲሊንደሮች ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ነው፥ የዘይቱ ማቀዝቀዣ የአየሩን መንገድ ስለሚያጠብበት። የእኛንም ከፍተን ስናይ የተቃጠለችው ቫልቮላ የሦስተኛው ነበረች።

በመጽሐፉ ላይ የሞተሩ ጉልበት 40 የፈረስ ኃይል ተብሎ ተጽፏል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ከ40ው የምናገኘው ወደ 30 ግድም ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መድኃኒቱ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ በትንሽዋ መለወጥ ነው። በጀርመን አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ለእንጦጦ ሰው አልጻፈም።

በመካከል አንድ ነገር እናንሣ። ካንዴላ፥ ቺንጋ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ማርሚታ፥ ካቻቢቴ፥ ዳዶ፤ እነዚህ ኹሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጀርመን መኪና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያነበብን በጣሊያንኛ ቃል በአማርኛ ስንሠራት ሰነበትን። የሰዋስው መምህራችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ይሆን ወይስ ይቈጡ ይሆን አናውቅም።

መብራቷ ባለ 6 ቮልት ነው። ብዙ ሰው «ባለ 12 አድርጓት» ብሎ መክሮናል። እኛ ግን በዛገ ማያያዣ ላይ የሚጠፋ ግማሽ ቮልት ከ12 ላይ ብዙም እንደማይታወቅ፥ ከ6 ላይ ግን እንደሚታወቅ ተረድተን፥ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ፈትተን አጸዳናቸው። መብራቷ አሁን ለሌሊት መንገድ ይበቃል፤ ደማቅ ነው ግን አንልም።

«መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የወደፊቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ከክፍል ጓደኞቻችን ቀርቦልናል። ካርቡራቶር ማስተካከል ከጥቂት ዓመት በኋላ እንጀራ ላይሆን ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ፍሬን፥ ኩሽኔታ፥ ጎማና ላሜራ አለው፤ ይዝጋልም። አዲስ አይገባም ከተባለ ደግሞ ያለውን አሮጌ ማን ሊጠግነው ነው?

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። በማግሥቱ ሳይሆን በሳምንቱ፥ ፍሬኑን ጋሼ ሦስት ጊዜ ከፈተኑት በኋላ፥ አባወራው ራሳቸው ነድተው እስከ ሽሮ ሜዳ ወጡና ተመለሱ። ከመኪናው ሲወርዱ ያሉት «ካምቢዮዋ እንደ ድሮው ነው» ብቻ ነው። ቁራሌው ግን ከዚያ ወዲህ አልተጠራም። የፈተናው ውጤት ገና ስላልታወቀ የእናቲቱ ጥያቄ ግማሹ ሳይመለስ ይቆያል፤ እርሳቸውም ይህን በየሳምንቱ ያስታውሱናል።

ሥራው አላለቀም። የቀኝ በሯ በደንብ ካልተሳበ አይዘጋም፥ የፍጥነት መለኪያዋ አይሠራም፥ የኋላ ፓራፋንጎዋም ቀለም አልተቀባም። መኪናዋን አባወራው ዛሬ ጠዋት አምጥተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ከጥላው ሥር አቁመውልናል። የኋላ ወንበሯን አውጥተነዋል፤ ምክንያቱም የባትሪው ክዳን ገና አልተገኘም፥ ያለ ክዳን ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ነክቶ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ማየት የሚወድ ኹሉ መምጣት ይችላል፤ መሳፈር የሚችለው ግን በየተራ አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው።