መምህሩና ከኋላው የቆመው ልጅ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ መምህር መልክ ነው። ሊዬቨን ፋን ኮፐኖል በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ፣ የትምህርት ቤት መምህርና ስመ ጥር የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ነበር። ታላቁ ሠዓሊ ሬምብራንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1658 ዓ.ም. ገደማ መልኩን ሁለት ጊዜ በመዳብ ቀርጾ አትሞታል።

የሥራው ዘዴ እንዲህ ነው። የመዳቡ ሰሌዳ በሰምና በሙጫ ይቀባል፤ ሠዓሊውም ቅቡን በመርፌ እየጫረ ይሥላል። ከዚያም ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲነከር፣ አሲዱ መርፌው የገለጠውን ቦታ ብቻ እየበላ ያጎደጉደዋል። ጎድጓዳውን ቀለም ሞልተው፣ ላዩን ጠርገው፣ በርጥብ ወረቀት ላይ በማተሚያ መኪና ሲጫኑት መልኩ ይወጣል። እንግዲህ መርፌው የሚጭረው በቀላሉ ነው፤ የሚያጠልቀው በኋላ የሚመጣው አሲድ ነው። በክፍል ውስጥ እንደ ዋዛ የምንጥላት ቃልም በሕፃን ልብ እንዲሁ ናት።

ከሁለቱ ሥዕሎች አንደኛው ትንሽ ነው። ኮፐኖል ብዕሩን ይዞ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ የልጅ ልጁ ነው የሚባል ብላቴና ከኋላው ቆሞ ይመለከታል። በትልቁ ሥዕል ግን ልጁ የለም፤ መምህሩ ብዕርና ባዶ ወረቀት ይዞ ብቻውን ይታያል። ኮፐኖል ሙገሳ ወዳጅ፣ ባለቅኔዎች እንዲያወድሱት የሚማጠን ሰው ነበርና፣ ትልቁ ሥዕል ሳያስደስተው አልቀረም።

እኔ ግን እጩ መምህራንን የማሠለጥን እንደ መሆኔ ትንሹን እመርጣለሁ። ተቆጣጣሪ ከክፍሉ በስተኋላ በተቀመጠ ቀን፣ እጩው ድምፁን አሳምሮ፣ ጥቁር ሰሌዳውን አስጊጦ፣ ለተቆጣጣሪው ብቻ ሲያስተምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ልጆቹ ከሥዕሉ ወጥተዋል። እንዲህ ላለው ትምህርት ከፍ ያለውን ማርክ የምንሰጠውም እኛው ነን።

ስለዚህ፣ ክቡራን ሆይ፣ መምህርን በምንመዝንበት ጊዜ ዐይናችንን ከፊቱ አንሥተን ወደ ልጁ እንመልስ። መምህሩ የሚሠራው ለልጁ ይታየዋልን? ልጁስ ብዕሩን ተቀብሎ በራሱ እጅ ይሞክራልን? ተማሪ የሌለበት መምህር፣ ሙያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ብዕርና ባዶ ወረቀት የያዘ ሰው ነው።