ባትሪ የማይጠይቀው ካሜራ



ይህ በእጄ የያዝሁት ካሜራ ዜኒት-ኢ ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. በሞስኮ አጠገብ በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ መሠራት የጀመረ፥ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ የሚጠጋ የብረት ዕቃ ነው። ድንጋይ ነው ብትሉት አልፈርድባችሁም።

ባትሪ ግን የለውም። መዝጊያው በሞላ ይሠራል፤ ፍጥነቱም ከ1/30 እስከ 1/500 ሴኮንድ ይመረጣል። ከፊቱ ያለው የሴሌኒየም ገበታ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጭና የብርሃን መለኪያውን መርፌ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ መብራት ባልገባበት የስማዳ ወይም የእስቴ ገጠር ለሠርግ ይዞት የሚወርድ ሰው የሚያሳስበው ፊልሙ ብቻ ነው። አንዱ ጥቅል 36 ጊዜ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ልነሣ የሚል ዘመድ ይቅርታ ይጠየቃል።

እኔን ግን ከካሜራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ኔጋቲቩ ነው። ስልክ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ፎቶግራፉም አብሮ ይጠፋል፤ የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ግን ከእርጥበትና ከሙቀት ከተጠበቀ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይታተማል። በጋይንት አንዳንድ አዛውንት በዕድሜያቸው የተነሡት ምናልባት አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመታወቂያቸው ጋር ደብዝዟል። ኔጋቲቩ በአንድ ፎቶ ቤት ጓዳ በካርቶን ተጥሎ ይሆናል። እንዲህ ያለ ካርቶን የምታውቁ ከመቃጠሉ በፊት ወደ ቤተ መጻሕፍታችን አምጡልን፤ የሰዎቹን ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ።